ስለ ሊበን ወፍና ስለ ባሌ ፍልፈል

ከምንናገራቸው ቃላት ሁሉ ብዙ ጉዳት አድርሷል ብዬ የምከሰው አንድ አነጋገር አለ፤ እርሱም «ባዶ መሬት» የሚለው ነው። ሲሰሙት የዋህ ይመስላል። ማረሻ ያልነካው፣ የቆርቆሮ ጣራ የማይታይበት ስፍራ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ባዶ ይባላል። ባዶ ከተባለም በኋላ ማንም እንዳሻው ቢያደርገው ወቃሽ የለውም፤ ከባዶ ቤት ምን ይሰረቃል? እኔ ግን በዚህ ባዶ በሚባለው መሬት ላይ የሚኖሩ ሁለት ፍጥረቶችን ምስክር አድርጌ ላቀርብ አስቤአለሁ። አንደኛዋ በሣር ላይ የምትዘምር ወፍ ናት፤ ሁለተኛው ከሣር በታች የሚቆፍር ፍልፈል ነው። ሁለቱም በአገራችን የሚኖሩ ናቸው፤ ሁለቱም ሊጠፉ ተቃርበዋል፤ ሁለቱንም አብዛኛው የተማረ ሰው በስም እንኳ አያውቃቸውም። (ዓመቶቹን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ጥናቶቹ የታተሙት በዚያ ስለ ሆነ።)

ነገሩን እንዳነሣ ያደረገኝ የወጣቶች ክርክር ነው። የንባብ ማኅበር ያቋቋሙ ተማሪዎች «ከሁለቱ አንዱን ብቻ ማዳን ቢቻል ዘማሪዋ ወፍ ትዳን ወይስ ፍልፈሉ?» የሚል ርእስ አውጥተው በጡረታ የተቀመጥሁትን ሽማግሌ መምህር በዳኝነት ጠሩኝ። የወፊቱ ጠበቆች ስለ ዜማዋና ስለ ውበቷ ተናግረው ጭብጨባ አገኙ። ለፍልፈሉ የቆመው አንድ ልጅ ብቻ ነበር፤ እርሱም ገና ስሙን ሲጠራ አዳራሹ ሳቀበት። በመጨረሻ ከኋላ የተቀመጠ ጎረምሳ እጁን አውጥቶ፣ «ጋሼ፣ ሁለቱም ቢጠፉ ምን ይጎድልብናል? ሕዝቡ እኮ የሚጠይቀው እንጀራ ነው» አለ። ከሁሉ የበለጠ የተጨበጨበው ለዚህ ነው። በዳኝነት ወንበር ላይ ተቀምጦ መሟገት ስለማይገባ በዚያን ዕለት ዝም አልሁ። እዚህ ግን ዳኛ አይደለሁምና ለሦስቱም ወገኖች መልሴን እሰጣለሁ።

አስቀድመን ወፊቱን እንወቃት። ከነገሌ ቦረና ከተማ ወጣ ብሎ የሊበን ሜዳ የሚባል የሣር ሜዳ አለ። በዚያ የምትኖረው ወፍ ከድንቢጥ የማትበልጥ፣ የላባዋ መልክ ከደረቀ ሣር የማይለይ፣ ጅራቷ አጭር፣ የኋላ ጥፍሯ ረጅም የሆነ ናት። ሊቃውንት ላርክ ከሚሏቸው የሜዳ ወፎች ወገን ስለ ሆነች የሊበን ላርክ ተብላለች። በሳይንስ ዓለም የታወቀችው እጅግ ዘግይታ ነው፤ የመጀመሪያው ናሙና በ1968 ተገኝቶ፣ ክሪስቲያን ኤራር የተባለ ፈረንሳዊ የወፍ ሊቅ በ1975 ስም አወጣላት። እኛ የተማርነው ሰዎች ያላየነው ነገር ሁሉ ሲታየን «ተገኘ» እንላለን፤ በዚያ ሜዳ ከአባት ከአያቱ ጀምሮ ከብት ሲያግድ የኖረው ሰው ግን ድምፅዋን ለመስማት ፓሪስን አልጠበቀም።

ዝናም በመጣ ጊዜ ወንዱ ከሣሩ ብድግ ብሎ በአየር ላይ እየተንሳፈፈ ይዘምራል። ጎጆው ግን በዛፍ ላይ አይደለም፤ በመሬት ላይ፣ በሣር እግር ሥር ነው። ስለዚህ የዚህች ወፍ ቤቷም፣ መጋረጃዋም፣ አጥሯም ሣር ነው። ሣሩ እስከ ሥሩ ተግጦ መሬቱ ራቁቱን በቀረ ጊዜ እንቁላሉ ለከብት ኮቴና ለሚነጥቅ አውሬ የተሰጣ ይሆናል።

ክሌር ስፖቲስዉድ የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ ሜዳውን መርምረው በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ አዋቂዎቹ ወፎች ከ90 እስከ 256 እንደሚሆኑ፣ የሚስማማቸውም ሣር ከ36 ካሬ ኪሎ ሜትር ያነሰ መሆኑን ገመቱ። እንግዲህ አስተውሉ፤ የላይኛውን ቁጥር ብንወስድ እንኳ እኔ ሳስተምር ከነበሩት ክፍሎች አራቱን ወይም አምስቱን የማይሞላ ነው። ነገሩ ካልታረመ በአፍሪካ ዋና ምድር የመጀመሪያው የተመዘገበ የወፍ ዘር መጥፋት በዚህ ሜዳ ላይ ሊሆን እንደሚችልም አስጠነቀቁ። በ2007 የተሄደበትን መስመር በ2009 ደግመው ሲሄዱበት የተገኙት ወፎች በ40 በመቶ ቀንሰው ነበር። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረትም በዚያው ዓመት ወፊቱን ከዱር ፈጽሞ ከመጥፋት አንድ ደረጃ ብቻ በቀረው ክፍል ውስጥ አስገባት።

ኋላ አንድ የምሥራች ተሰማ። በጅጅጋ አካባቢም ወፊቱ ተገኘች፤ በ2013 በወጣው ጥናትም የሊበኗ ወፍ፣ በቀድሞው የእንግሊዝ ሶማሌላንድ ታይታ ከነበረችውና በዚያ ከ1922 ወዲህ ካልታየችው ከአርቸር ላርክ ጋር አንድ ዘር መሆኗ ታወቀ። ይህን የሰሙ አንዳንዶች «እንግዲያማ ሁለት ቦታ ካለች ምን ያስጨንቃል?» ብለዋል። ሁለት ልብስ ያለው ሰው ሁለቱም ካረጁበት ምን ይጠቀማል? በጅጅጋም በኩል ሣሩ እየታረሰ ነው። ሶማሌላንድ ውስጥ የነበረችበት ሜዳ ደግሞ ምን እንደ ደረሰበት የመቶ ዓመቱ ዝምታ ይናገራል።

አሁን ወደ ወፊቱ ጠበቆች ልመለስ። እናንተ ልጆቼ፣ የጠበቃችሁላት በዜማዋ ነው። ዜማዋን ስለ ወደዳችሁ አልነቅፋችሁም፤ ዳሩ ግን ዜማ የደኅንነት ምስክር እንደሚሆን አድርጋችሁ መናገራችሁ አላስደሰተኝም። በሊበን ወንዶቹ ከሴቶቹ ሳይበዙ እንደማይቀር አጥኚዎች ጠርጥረዋል። እንዲህ ከሆነ በሜዳው ላይ ከፍ ብሎ ከሚሰማው ዝማሬ ስንቱ የትዳር ዝማሬ ነው? ስንቱስ ሰሚ ያጣ ጥሪ ነው? ጎብኚው ይመጣል፤ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ያደርጋል፤ «እንዴት ያማረ ድምፅ ነው!» ብሎ ቀድቶት ይሄዳል። ጆሮአችን ደስ ስላለው ብቻ ዘፋኙ ደስ ብሎታል ማለት የልጅነት ፍርድ ነው። ሌላም አለ። ወፊቱን የምታድኗት ስለ ዜማዋ ብቻ ከሆነ፣ ድምፅዋ በመሣሪያ ተቀድቶ በእጃችሁ ከገባ በኋላ ወፊቱ ራሷ ምን ታደርግላችኋለች? ድምፅዋ እኮ ተርፏል! ይህ ሐሳብ የሚያስቅ ቢመስልም ከንግግራችሁ በቀጥታ የሚወጣ ነው።

ወደ ፍልፈሉ እንለፍ፤ እዚህ ላይ ጥቂት እንድቆይ ፍቀዱልኝ፤ ጠበቃው አንድ ልጅ ብቻ ነበርና።

ፍልፈል ሲባል የደጋ ገበሬ ሁሉ የሚያስበው በማሳው ውስጥ አፈር እየቆለለ ሥር የሚቆርጥበትን ትንሹን ነው። እኔ የምናገረው ስለ እርሱ አይደለም። የባሌው ፍልፈል ግዙፍ ነው፤ ክብደቱ እስከ አንድ ኪሎ ሊደርስ ይችላል። ራሱ ትልቅ ነው፤ ዓይኖቹ ወደ አናቱ ከፍ ብለው ተተክለዋል፤ የፊት ጥርሶቹ ከከንፈሩ ውጭ ይታያሉ። ቆንጆ ነው ብዬ አልዋሽም። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1842 ለሳይንስ አስታወቀው። በዓለም ላይ የሚገኘው በባሌ ተራራዎች ብቻ ነው፤ እዚያም ቢሆን ከባሕር ጠለል 3,000 ሜትር ያህልና ከዚያ በላይ ከፍ ባለው ብርዳም የሣር አገር፣ በሳነቴ አምባና በዌብ ሸለቆ ነው። የአደጋው ደረጃ ከወፊቱ አንድ ከፍታ ያነሰ ቢሆንም «ለመጥፋት የተቃረበ» ተብሎ ተመዝግቧል።

አኗኗሩን የተመለከተ ሰው ይደነቃል። የቀኑን አብዛኛውን ክፍል ከመሬት በታች ያሳልፋል። ለመመገብ ሲነሣ ጉድጓዱን ከፍቶ ግማሽ አካሉን ብቻ ያወጣል፤ የኋላ አካሉ ከደጃፉ አይለይም፤ በዙሪያው ያለውን ሣር በጥርሱ እያጨደ ወደ ውስጥ ያስገባል። በአቅራቢያው ያለው ሣር ሲያልቅ ጉድጓዱን በአፈር ደፍኖ ሌላ ደጃፍ ይከፍታል። እንዲህ ያለው ጥንቃቄ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በዚያ አምባ ላይ ቀይ ቀበሮ አለ።

በዚሁ አጠገብ፣ በክርክሩ ላይ የነበራችሁ ሁሉ ብትሰሙት የምወድደው አንድ ነገር አለ። በዚያ አምባ ላይ የምትኖር አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ አለች፤ እርሷም ከዘማሪ ወፎች ወገን ናት። ፍልፈሉ አፈር ሲቆፍርና ሣር ሲያጭድ ከአጠገቡ አትለይም፤ እርሱ አፈሩን ባናወጠ ጊዜ የሚወጡትን ተባዮች ትለቅማለች። አደጋ ባየች ጊዜ ደግሞ ስትጮህ ፍልፈሉ ሰምቶ ይገባል። ዘማሪ ወፍና ፍልፈል ባላጋራ ሆነው የቆሙት በእኛ አዳራሽ ውስጥ ብቻ ነው። በሳነቴ ላይ አንደኛው ለሌላው ዘብ ነው።

ስለ ቀይ ቀበሮ ካነሣሁ ልጨርሰው። በዓለም ያሉት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም ይባላል፤ ከእነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ናቸው። ስለ ቀይ ቀበሮ የማይናገር የለም፤ ሥዕሉ በየግድግዳው ይሰቀላል፤ ገንዘብ ይሰበሰብለታል፤ ደግም ተደረገ። ነገር ግን ቀይ ቀበሮ በባሌ የሚኖረው ምን በልቶ ነው? ከዘጠኝ አሥረኛ በላይ የሚሆነው ምግቡ የአይጥ ወገን ነው፤ ከእነዚህም ውስጥ ትልቁ ጉርሻ ይህ ፍልፈል ነው። የሠርግ እንግዳ ሙሽራውን አወድሶ፣ ዘፍኖ፣ ጨፍሮ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ድግሱን ሌሊቱን ሁሉ ጭስ ውስጥ ሆና ያበሰለችው ሴት ማን እንደ ሆነች አይጠይቅም። የፍልፈሉም ነገር እንዲሁ ነው።

ሥራውም ይህ ብቻ አይደለም። አፈር ይገለብጣል፤ ያየር መግቢያ ይከፍታል፤ የሰበሰበውን ሣርና የራሱን ፍግ ከአፈሩ ጋር ያዋህዳል። እርሱ የቆፈረበት ስፍራ በዙሪያው ካለው የተለየ ዕፀዋት ይዞ ይታያል። ደመወዝ የማይጠይቅ አራሽ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን ያስደነቀኝ ግን በ2019 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣው ነው። በባሌ ተራራዎች ላይ፣ ከባሕር ጠለል 3,469 ሜትር ከፍ ብሎ፣ ፊንጫ ሀበራ የሚባል የዋሻ መጠለያ አለ። ተመራማሪዎች ቆፍረው እንደ ደረሱበት፣ ከዛሬ 47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ባለው ዘመን ሰዎች በዚያ ይኖሩ ነበር፤ እንዲህ ባለ ከፍታ ላይ ሰው መኖሩ የታወቀበት ከሁሉ የቀደመው ማስረጃ ይህ ነው። ያን ጊዜ የተራራው ራስ በበረዶ የተሸፈነ ነበር። ሰዎቹ ምን በሉ? ምድጃቸው መሰከረ፤ ግዙፉን ፍልፈል እየጠበሱ ነበር የሚበሉት። አጥንቱ በአመድ ውስጥ ተገኝቷል። እንግዲህ ያ የሳቃችሁበት ፍጥረት በብርድ ዘመን ሰውን በዚያ ከፍታ ያኖረ ነው። አያቶቻችንን ያበላ ስሙ ሲጠራ የሚሳቅበት ከሆነ፣ ውለታ የሚለውን ቃል ከመዝገበ ቃላታችን እንሰርዘው!

አንዳንድ ሰው «ታዲያ ወፊቱን በዜማዋ ማመስገን ልጅነት ከሆነ ፍልፈሉን በጥቅሙ ማመስገንስ ምን ይሻላል?» ይለኝ ይሆናል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ከክርክሩ የተሻለ ጥያቄም ነው። መልሴ ይህ ነው፤ የፍልፈሉን ሥራ የዘረዘርሁት እንዲኖር ለማስፈቀድ አይደለም። የሣቁትን ሰዎች አፍ ለመዝጋት ነው። ሥራው አንድም ባይታወቅ ኖሮ፣ ከዚያ አምባ ላይ እርሱን ለማጥፋት መብት የሰጠን ማን ነው? ጎረቤትህ ምን እንደሚሠራ ስላላወቅህ ቤቱን አታፈርስበትም። የብዙ ፍጥረት ጥቅም ሳይታወቅ ቆይቶ ኋላ ታውቋል፤ ፊንጫ ሀበራ እስኪቆፈር ድረስ ስለዚህ ፍልፈልና ስለ ጥንት ሰው ማን ያስብ ነበር? ባለማወቃችን የምንፈርድ ከሆነ ዳኝነታችን ሁሉ ቸኩሎ የተሰጠ ነው።

ወደ ሦስተኛው እንምጣ፤ ከሁሉ ወደሚከብደው። ጎረምሳው «ሕዝቡ የሚጠይቀው እንጀራ ነው» ብሏል። ይህን ቃል በንቀት የሚያልፍ ሰው ተርቦ የማያውቅ ነው። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በቦረና ምድር አምስት የዝናም ወራት በተከታታይ ከድተው፣ የከብቱ ሬሳ በየመንገዱ ወድቆ ሲታይ፣ ስለ ወፍ መናገር ነውር የሚመስልበት ጊዜ ነበር። እኔ ግን በዚያ ጊዜ ስለ ወፊቱ መናገር ይበልጥ ይገባ ነበር እላለሁ፤ ምክንያቱን ስሙ።

ወፊቱን የገደለው ምንድር ነው? ሣር መጥፋቱ ነው። ከብቱንስ የገደለው? ያው ነው። ዝናም መቅረቱ የሁለቱም ጠላት ነው፤ ሣሩ ግን ዝናሙ ከመቅረቱ ከብዙ ዓመት በፊት ሲሳሳ ነበር። ቀድሞ አርብቶ አደሩ በወቅቱ ሣሩን እያቃጠለ ቁጥቋጦውን ያጠፋ፣ ለጋ ሣር እንዲበቅል ያደርግ ነበር። በ1970ዎቹ ዓመታት እሳት በአዋጅ ተከለከለ። የከለከሉት ሰዎች በወረቀት ላይ ደን የሚጠብቁ መስሏቸው ነበር፤ በምድር ላይ ያደረጉት ግን ሜዳውን ለእሾህ ማስረከብ ሆነ። ግራሩ ከዳር ወደ መካከል ገባ። ቀጥሎ ማረሻ መጣ፤ ማረሻው የተሻለውን ሣር መርጦ ያዘ። ከብቱም በተረፈው ጠባብ ሜዳ ላይ ተጨናንቆ ሣሩን እስከ ሥሩ ጋጠው። እንግዲህ ወፊቱ ከድሃው አፍ እንጀራ የነጠቀችው መቼ ነው? እርሷና ጥጃው በአንድ ገበታ የሚበሉ፣ ገበታው ሲነሣባቸውም አብረው የሚራቡ ናቸው። «ወይ ወፍ ወይ እንጀራ» የሚለው ምርጫ ሜዳውን በመኪና አልፎ ያላየ ሰው ያወጣው የፈተና ጥያቄ ነው።

በባሌም ነገሩ ይኸው ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ደስ ብሎናል። ነገር ግን መዝገብ ከብት አይመልስም። በፓርኩ ውስጥ ሰው ይሰፍራል፤ ከብት ይሰማራል፤ እርሻው በየዓመቱ ሽቅብ ይወጣል። ከብት የሚረግጠውና የሚግጠው የፍልፈሉን ሣር ነው። አየሩም እየሞቀ ሲሄድ ብርድ የለመደ ፍጥረት ሽቅብ ይሸሻል፤ ፍልፈሉ ግን ያለው በአናቱ ላይ ነው፤ ከዚያ በላይ ሰማይ እንጂ ሌላ አገር የለም። ሰፋሪዎቹን ለመክሰስ አልተነሣሁም። ከታች ቦታ ያጣ ሰው ወደ ላይ ቢወጣ የሚደንቅ አይደለም፤ የሚደንቀው ወደ ላይ መውጣቱን ሁሉም እያየ፣ ከታች ቦታ ያሳጣውን ነገር አለመጠየቁ ነው። ጎረምሳው ግን ይህን ያስብልኝ፤ ያ ተራራ ውኃ የሚይዝ ስፍራ ነው። የዌብ ወንዝ ከዚያ ይወርዳል፤ ወደ ገናሌና ወደ ዋቤ ሸበሌ የሚገቡ ውኆችም ከዚያ ይወጣሉ፤ ገናሌ ደግሞ ከነገሌ ብዙም ሳይርቅ ነው የሚያልፈው። ፍልፈሉ በሚቆፍረው አፈር ውስጥ የገባ ዝናም በቆላ ያለ ሰው ይጠጣዋል። እንጀራ እኮ ያለ ውኃ አይቦካም።

ታዲያ ይህን ሁሉ ያመጣው ማን ነው? ብዙ ሰው አርብቶ አደሩን ይወቅሳል፤ ቀላል ነውና፤ ሩቅ ስላለ መልስ አይሰጥም። እኔ ግን ወቀሳዬን የማደርሰው በጠረጴዛ ዙሪያ ለተቀመጥነው፣ በተለይም ነገ ለምትቀመጡት ለእናንተ ነው። ሣር ንብረት መሆኑን የማያውቅ ትምህርት ተምረናል። እርሻ ያለበትን «የለማ» እንላለን፤ ዛፍ ያለበትን «ደን» እንላለን፤ ሣር ያለበትን ግን «ጠፍ» ወይም «ባዶ» እንላለን። ሣሩን ለሺህ ዓመት የጠበቀው ሰው ባለቤት መሆኑ ቀርቶ በባዶ ቤት የተገኘ መንገደኛ ይመስላል። መሬቱ ለአንድ ባለሀብት ሲሰጥ፣ ችግኝ ሲተከልበት፣ አጥር ሲዞርበት፣ የተወሰደበት ማንም ሰው የለም ይባላል። ችግኝ መትከልን እንኳ ሁልጊዜ ደግ ሥራ አድርገን እናወራለን፤ በሣር ሜዳ ላይ የተተከለ ዛፍ ግን ለሊበኗ ወፍ ከማረሻ የማይሻል ጠላት ነው። ይህን ስናገር ፊታቸውን ያጠቆሩብኝ የሥራ ባልደረቦች ነበሩ። ያጥቁሩ።

አሁን ወደ ክርክሩ ርእስ ልመለስ፤ ዳኛ ሆኖ ፍርድ ሳይሰጡ መነሣት አይገባምና። ማንኛው ይበልጣል ለሚለው መልስ የለኝም፤ ሚዛኑም የለኝም፤ ሚዛን አለኝ የሚለውን ሰው አላምነውም። ማንኛውን እንቅደም ለሚለው ግን መልስ አለኝ። ቤት ሲቃጠል ቀድሞ የሚወጣው በእሳቱ አጠገብ የተኛው ነው፤ መልኩን ማን ይጠይቃል? ፍልፈሉ በሚኖርበት አምባ ላይ ገና ብዙ ነው፤ ፓርክ አለው፤ የሚበላው ቀይ ቀበሮ ራሱ ሳያውቅ ጠበቃ ሆኖለታል፤ ለቀበሮው ተብሎ የሚጠበቀው ሣር ለእርሱም ይተርፈዋል። ሊበን ግን ብሔራዊ ፓርክ አይደለም፤ ወፊቱም ዝነኛ ዘመድ የላትም። ስለዚህ ዛሬ አንድ ብር ብቻ ቢኖረኝ ወደ ሊበን እልከዋለሁ። የምልከው ግን ድምፅዋ ስላማረ አይደለም፤ ያ ሜዳ የፍልፈል ሆኖ ፍልፈሉ በዚያ ቁጥር ቢቀር ኖሮ ብሩን ያለ አንዳች ማመንታት ለፍልፈሉ እልከው ነበር። የወፊቱ ጠበቆች በፍርዱ ረትተዋል፤ በምክንያታቸው ግን አልረቱም። ያ ብቻውን የተከራከረው ልጅ ደግሞ ምክንያቱ ትክክል ስለ ነበረ ሳይሸማቀቅ ይቀመጥ።

ብሩ ምን ይሠራል ለምትሉኝ፣ የሚሠራው በዚያው በአገሩ ልማድ ተጀምሯል። የቦረናና የጉጂ አርብቶ አደር ለጥጃና ለደከመ ከብት የሚሆን ሣር ለይቶ የሚከልልበት የቆየ ሥርዓት አለው፤ ካሎ ይባላል። በሊበን የአገሩ ሽማግሌዎች ከተፈጥሮ ጠባቂ ማኅበራት ጋር ተስማምተው በዚሁ ሥርዓት የሣር ክልሎች አበጅተዋል። ቁጥቋጦው በእጅ እየተመነጠረ ይወጣል፤ በዝናሙ ወራት ከብት አይገባበትም፤ ሣሩ ያድጋል፤ በደረቁ ወራት ሲቸግር ይከፈታል። ወፊቱ እንቁላል የምትጥለው በዝናሙ ወራት ነውና፣ ለጥጃው የተባለው ክልል እርሷንም ከኮቴ ይሰውራታል። በእነዚህ ክልሎች ውስጥ ወፊቱ ከውጭው ሜዳ ይልቅ በርክታ ታይታለች። ይህን የሠሩት ሰዎች ከእኛ ከተማሩት የጠየቁት ጥቂት ነው፤ ምንጣሮው ከባድ ሥራ ስለ ሆነ መጥረቢያና የቀን አበል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከልለው ያሳደጉትን ሣር ሌላ መጥቶ እንዳያርስባቸው ክልሉ በስማቸው መሆኑን የሚያረጋግጥ፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት። መጥረቢያው በቀላል ይገኛል። ወረቀቱን የሚጽፈው ግን ማንበብና መጻፍ የተማረ ሰው ነው፤ በዚያ ወረቀት ላይ የመሬቱ ዓይነት በሚሞላበት ቦታ «የግጦሽ ሣር፣ ባለቤት ያለው» ብሎ መጻፍ ሁለት መስመር ቀለም አይፈጅም።